አሥራ አራት መስመር ሟርት

ገዳሪፍ በኖርሁበት ዘመን ሁሉ ሁለት ስም ነበረኝ። ሱዳኖቹ «ካሳ ሽቶው» ይሉኛል። የአገሬ ሰዎች ግን ስለኔ ሲጠየቁ መጀመሪያ ግራ ቀኝ ያያሉ፣ ልጅ ያዘለችዋ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ልጇን ትሸፍናለች፣ ከዚያ ቀስ ብለው «እዚያ ጥግ ላይ ነው፤ ምን ፈልገህ ነው?» ይላሉ። ይህን ጮክ ተብሎ የማይጠራ ሁለተኛ ስም ማንም አልለጠፈብኝም፤ በገዛ አፌ ያወጣሁት ነው። እንዴት እንደሆነ አውርቼ አላውቅም። ካወራሁት ስሙ ይሠራ የነበረውን ሥራ ያቆም ነበርና።

ዘመኑ የደርግ ነው። ገና ሠላሳ አልሞላኝም። ከጎንደር የወጣሁት ቀበሌ ስሜን ጠርቶ ሳይጨርስ ነበር። ፖለቲካ አላውቅም፤ ግን በዚያ ዘመን አለማወቅ ማንንም አላዳነም። መተማን ተሻግሬ ገዳሪፍ ስገባ ይዤው የመጣሁት ሀብት አንድ ነው፤ ሰው የሚፈልገውን ሳይናገር መለየት። ሱዳን ደግሞ የሽቶ አገር ነው። ሽቶውን፣ ኩሉን፣ ሂናውን፣ የእጅ መስተዋቱንና የሚሸት ሳሙናውን በከረጢት ተሸክሜ፣ በየእርሻው የሰፈረውን የአገሬን ሰው እየዞርሁ እሸጥለታለሁ። ሰሊጥ አራሚ ቀኑን ሙሉ በጭቃ ሲንከባለል ይውልና ማታ መስተዋት ይገዛል። ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ ነጋዴ ለምን ማለት ከጀመረ ገበያው ይቀዘቅዛል።

ከቁረይሻ ከተማ ወዲህ በአንድ ትልቅ እርሻ ዳር ከሰፈሩት መካከል አያ ዋሴ የሚባሉ የደንቢያ ሰው ነበሩ፤ እርሻ ጠባቂ ናቸው። ሚስታቸው እትዬ ብርቄ፣ ልጃቸው ስመኝ። ስመኝ ስምንተኛ ክፍል ደርሳ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ወታደር ሲሰፍርበት አቋረጠች። ቆንጆ ነበረች። ይህን ቃል ዛሬ እንዲህ በነጻነት እጽፈዋለሁ፤ ያኔ ግን በአደባባይ አይባልም። የሰው ልጅ ቆንጆ ነው ካልህ ወይ «እንትፍ» ትላለህ፣ ወይ ታቦት ትጠራለህ። ዝም ብሎ ያደነቀ ዓይን ይበላላ!

በሄድሁ ቁጥር ስመኝ መስተዋት አንስታ ፊቷን ታያለች፤ ከዚያ ትመልስልኛለች።

«አትገዢም እንዴ?» እላታለሁ።

«አይቼ ጨረስሁ'ኮ። ምን ቀረኝ?»

እንዲህ ያለች ደንበኛ ነጋዴን ታከስራለች፤ እኔ ግን ያችን ሰፈር ከሌላው ሁሉ አብዝቼ እመላለስባት ጀመር። ከአጨዳ በኋላ ሽማግሌ ልልክ በልቤ ቆርጬ ነበር። አንድ ቀን፣ «ካሴ፣ ከከተማ የሚነበብ ነገር አምጣልኝ፤ እንግሊዝኛ። ያወቅኋትም እየጠፋችብኝ ነው» አለችኝ።

ገዳሪፍ ውስጥ መምህር ዳንኤል የሚባል እንደኔው የተሰደደ ሰው ነበር። ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ቃለ መጠይቅ ለሚጠብቁት እንግሊዝኛ ያስተምራል። ብጠይቀው ትርፍ መጽሐፍ የለኝም አለና፣ ቁራጭ ወረቀት ስቦ ከቃሉ ጻፈልኝ።

«የጥንት ግጥም ነው። የፍቅር። አሥራ አራት መስመር።»

«አሥራ አምስት ቢሆንስ?»

«አይሆንም፤ ሕጉ ነው።»

«ግጥምም ኬላ አለበት በለኛ! ምን ይላል?»

«ሰውዬው ለሚወዳት ሴት ነው የጻፈው። አንቺን የምታህል ቆንጆ የለችም ይላታል። ከዚያ ጊዜ የሚባል ሌባ አለ ይላታል። ፊትሽ ይጨማደዳል፣ ጸጉርሽ ይነጣል፣ መቃብርም አይቀርልሽም።»

«ይህን ሰምታ አገባችው?»

«አላለቀም'ኮ። መጨረሻ ላይ፣ እኔ ግን በዚህ ግጥም ውስጥ አስቀምጬሻለሁና ጊዜ አያገኝሽም ይላታል።»

«ገባኝ» አልሁት፤ «ሽቶ ሻጭ ነው።»

መምህሩ ሳቀ። እኔ ግን አልቀለድሁም። እኔም ስሸጥ የኖርሁት ያንኑ ነው፤ ልዩነቱ የኔ ዕቃ በላብ ይለቃል።

ወረቀቱን ይዤ ስደርስ ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናብ አባርቶ ሰው ሁሉ ከአረም ተመልሶ በሣር ጥላው ሥር ተቀምጧል። ስመኝ ወረቀቱን ተቀብላ ጮክ ብላ አነበበችው። እየተንገዳገደችም ቢሆን ደረሰችበት። ማንም ምንም ባይገባውም ድምፁ ጣመው።

«እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ አያ ዋሴ። «በይ ተርጉሚው፤ ስምንት ዓመት ያስተማርሁሽ ለመቼ ነው?»

«ግማሹ ጠፋኝ አባ። ካሴ፣ አንተ ታውቀዋለህ?»

አውቀዋለሁ! እዚያች ልጅ ፊት አላውቅም የሚል ምላስ ከየት ላምጣ? ተነሥቼ ቆምሁ።

«ግጥሙ እንዲህ ይላል። አንቺን የመሰለ ፀሐይ አይቶ አያውቅም። ዓይንሽ፣ ጥርስሽ፣ አንገትሽ...» አንገት መምህሩ አልነገረኝም፤ ምርቃት የኔ ነው። «ነገር ግን ጊዜ ይበላሻል። መልክሽ ይረግፋል። መቃብር አፉን ከፍቶ ይጠብቅሻል...»

መዶሻ ይዞ የዶማ እጀታ ሲመታ የነበረው ጎረቤታቸው ማሩ እጁን አየር ላይ አቆመ። እትዬ ብርቄ ዘለው ተነሡና ልጃቸው ራስ ላይ «እንትፍ! እንትፍ! በጠላትሽ ያድርገው!» አሉ። ነገሩ እንደተበላሸ ገብቶኝ ወደ መጨረሻው መስመር ልሮጥ አልሁ፤ ግን ማን ሰምቶኝ!

«ካሴ» አሉ አያ ዋሴ፣ በቀስታ።

«አቤት አያ ዋሴ።»

«መልኳን አንድ ባንድ ቆጠርህ።»

«ግጥሙ ነው'ኮ፣ እኔ መች...»

«ታቦት አልጠራህም። እንትፍ አላልህም። ከዚያ መቃብሯን ቆፈርህ። እንግሊዝ ሟርተኛ መሆኑን አላውቅም ነበር። አንተስ የማን ወገን ነህ?»

ስመኝ ወረቀቱን ፊቷ ላይ አድርጋ ትስቃለች። ከሁሉ ሰው የሳቀች እሷ ብቻ ናት። ከረጢቴን አንሥቼ ወደሚቀጥለው እርሻ ገሠገሥሁ።

በማግስቱ ጧት እዚያው እርሻ ላይ ሳሙና ዘርግቼ ሳለ ማሩ ጭቃ ለብሶ መጣ።

«ትፈለጋለህ።»

«ሽቶ አለቀባቸው?»

«ስመኝ ወድቃለች። ከተኛችበት ስምህን ትጠራለች።»

አንዲት ቆንጆ ስምህን ትጠራለች ሲሉኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ ለቅጽበት ደስ አለኝ። ከዚያ የማሩን ፊት አየሁት። በሽተኛ በትኩሳት ሲቃዥ የጠራው ስም በኛ ዘንድ የበላው ሰው ስም ነው። ወደ ገዳሪፍ የሚያስገባው መንገድ በስተቀኜ ተዘርግቶ ይታየኛል። ብሸሽ ቡዳ ነኝ። ብሄድም ቡዳ ነኝ። ዋጋው አንድ ከሆነ ብዬ እሷ ያለችበትን መረጥሁ።

ስንደርስ ወንዱ ሁሉ ዱላ ይዞ ደጅ ቆሟል። ጎንበስ ብዬ ጎጆው ውስጥ ገባሁ። ስመኝ ዓይኗ ብጫ ሆኗል፤ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል፤ ታየኛለች፣ ግን አታየኝም። «ካሴ... ካሴ...» ትላለች። ባለፈው ክረምት አንድ ጓደኛዬ እንዲሁ ሲለፈልፍ ውሎ፣ ሲመሽ ዝም ብሎ፣ በዚያው ቀርቷል። ወባ ነው፤ ያውም ወደ ጭንቅላት የሚወጣው።

«አያ ዋሴ፣ ይህ ወባ ነው። አሁኑኑ ሆስፒታል ትሂድ።»

«ሆስፒታል?» ጮኹ እትዬ ብርቄ። «መርፌ ሊወጉብኝ? ቡዳ የበላው ሰው መርፌ ሲነካው እንደሚሞት አታውቅም?»

«እንዴት አያውቅም!» አለ ማሩ። «ለዚያ አይደል ሂዱ የሚለን!»

«እኔ አልበላኋትም። ሰው በልቼ አላውቅም!»

«በላሁ ብሎ የሚያምን መች አለ?»

ማልሁ። ለመንሁ። ተቆጣሁ። አንዱም ጠብ አላለም። እኔ በተከራከርሁ ቁጥር እሷ ትንፋሿ ያጥርባታል። ያኔ የገበያ ነገር ትዝ አለኝ። ሰው የማይገዛውን ዕቃ ይዘህ ብትጮህ የሚያልቀው ድምፅህ ነው። እነዚህ ሰዎች ከኔ የሚገዙት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«እሺ» አልሁ። «እኔ ነኝ።»

እመን እመን ሲለኝ የነበረው ማሩ ራሱ ወደ ኋላ ሸሸ።

«እኔ ነኝ የበላኋት። እለቃታለሁ። ግን ሥርዓት አለው።»

«ምን ሥርዓት?» አሉ አያ ዋሴ።

«አሁን እተፋባታለሁ። ከተፋሁ በኋላ መርፌ አይጎዳትም። እንዲያውም ፀሐይ ሳትጠልቅ መርፌ ካላገኘች ይመለስባታል፤ ያን ጊዜ እኔም አልችለውም።»

«መርፌ ይገድላል ነው'ኮ የሚባለው...»

«አያ ዋሴ፣ ይህን ነገር ከኔ በላይ የሚያውቅ አለ?»

ስለ ቡዳ ነገር ከቡዳ ጋር ማን ይከራከራል! ልተፋ ብል ደግሞ አፌ በፍርሃት ደርቋል፤ ምራቅ የለም። «ውሃ ስጡኝ» አልሁ። ያን ሁሉ ዱላ የያዘ ሰው ቡዳ ውሃ ሲጠጣ አፉን ከፍቶ አየ። ጎንበስ ብዬ ግንባሯ ላይ እንትፍ ስል ትኩሳቷ ከንፈሬን ለበለበኝ። ከዚያ በላይ ቀርቤያት አላውቅም ነበር።

የእርሻው ትራክተር ነጂ በሺር የሚባል ሱዳናዊ ነበር። «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ጭቃው አይታይህም? ትራክተሩን ልትቀብርብኝ ነው?» አለ። አልጋው ላይ ያለችውን ሲያይ ግን ቃል ሳይጨምር ሞተሩን አስነሣ። የገዳሪፍን ጥቁር አፈር በክረምት ያላየ ሰው ጭቃ አይቻለሁ አይበል፤ ጫማ ይበላል፣ ጎማ ይበላል፣ ይበላል ተብሎ የሚታማው ግን እኔ ነኝ። ተሳቢው ላይ ከነገመድ አልጋዋ ጫንናት። እትዬ ብርቄ ራሷን፣ አያ ዋሴ እግሯን ይዘዋል፤ ማሩ ዱላውን ይዟል፤ እኔ እንዳላመልጥ በመካከል ተቀምጫለሁ።

ከተማው ከሩቅ እየታየን አንድ የጎርፍ መውረጃ ላይ ትራክተሩ ተዘፈቀ። በሺር ቢያጓራ ቢያጓራ ጎማው ወደ ታች ብቻ ሆነ ጉዞው።

«ካሴ! ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው!» አሉ አያ ዋሴ። ያቺ የፀሐይዋ ነገር የኔ ፈጠራ ናት፤ አሁን ግን ከኔ ይልቅ እሳቸውን ታሯሩጣቸዋለች። ደግነቱ ለመንገዱ ጠቀመችን። «አልጋውን አንሡ! በትከሻ!» አሉ።

አነሣን። ከኔ ጎን የሚይዝ ግን ጠፋ። ማሩ ወደ ማዶኛው ጎን ሸሸ፣ በሺርም እዚያው ሄዶ ያዘ። በመጨረሻ አያ ዋሴ ራሳቸው መጡ።

«እይዛለሁ። ግን አንተ ከፊት ሁን። ከኋላዬ አትሁንብኝ።»

ጭቃው እስከ ጉልበት እየዋጠን ስንሄድ ስመኝ ዓይኗን ገለጠች። ድምጿ የሰለለ ነው፤ ቃሉ ግን የጤነኛ ሰው ነው።

«ካሴ... መጨረሻውን አልነገርኸኝም።»

«የምኑን?»

«የግጥሙን። ስጠራህ ነበር'ኮ... መጨረሻው ምን ይላል?»

እንግዲህ ስሜን የጠራችው ለዚህ ነበር! አያ ዋሴ ከኋላዬ ሲያዳምጡ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ዞሬ እንዳላያት ሸክሙ ትከሻዬ ላይ ነው።

«አያገኝሽም ይላል» አልሁ ወደ ፊት እያየሁ። «ጊዜ አያገኝሽም ነው የሚለው።»

«አ...» አለች። ከዚያ ዝም አለች። ያ ዝምታ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ከአልጋው ይልቅ ከበደኝ።

ሐኪሙ የዓይኗን ሽፋን ገልጦ አየና ወዲያው ሰው ጠራ። ከዚያ ወደ ጭቃው ክምር፣ ማለትም ወደ እኔ፣ ዞሮ በዓረብኛ «ይህ ሰው ምኗ ነው?» አለ። አያ ዋሴ ጥያቄው ገባቸው፤ መልሱን የሚመልሱበት ዓረብኛ ግን አልነበራቸውም።

«የበላት ነው በለው!» አሉኝ። «እሱ ካልገባ አትወጋም በለው!»

«እጮኛዋ ነው ይላሉ» ብዬ ተረጎምሁ። «ከአጠገቧ ባይለይ ይላሉ።»

ሐኪሙ ራሱን ነቅንቆ አስገባኝ። በሕይወቴ የተረጎምሁት ሁለተኛው ነገር መሆኑ ነው፤ ከመጀመሪያው ይሻላል። መርፌው ሲገባ እትዬ ብርቄ ዓይናቸውን ጨፍነው እጅጌዬን እስኪቀደድ ጨብጠው ነበር።

ቀኖች አለፉ። ትኩሳቱ ለቀቃት። አንድ ረፋድ ላይ አያ ዋሴ በሆስፒታሉ ግቢ፣ ከኒም ዛፍ ሥር ጠሩኝ። ግቢው በሽተኛ ባመጡ ያገራችን ሰዎች ተሞልቷል። ስመኝ ጋቢ ተከናንባ በሩ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች።

«ሐኪሙን በሰው አስጠየቅሁት» አሉኝ። «ወባ ነው አለ። በየቀኑ እንዲህ ያለ ይመጣልኛል አለ። አንተ ቡዳ አይደለህም።»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ለምን ነኝ አልህ?»

«እንድትወጋ።»

ወደ ልጃቸው ዘወር ብለው አዩ። ከዚያ፣ «ሽማግሌ ልትልክ አስበህ ነበር አሉ» አሉኝ።

«ማን አለ?»

«ልጂቱ። ከአመላለሱ አወቅሁ ትላለች።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሽማግሌው ይቅር። ግን ወሬው ደርሷል። እነዚህ ሁሉ ሰምተዋል። ልጄን ለቡዳ ዳርሁ እንዲባል አልፈልግም። አሁን ቆመህ በፈጣሪ ስም ማል፤ ውሸቴን ነበር በል። እነሱ ይስሙህ። ከዚያ ያንተ ናት።»

ወደ ስመኝ አየሁ። «ማል እንጂ ካሴ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለች። ፈገግ ብላ ነበር።

ቆምሁ። ሰው ሁሉ ዞረ። መሐላው አፌ ውስጥ ነው። በዚህ መካከል አንዲት ሴት ልጅ ታቅፋ ሰዉን እየገፋች መጣች። ከበሩ አጠገብ ባሏ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል።

«ካሴ የሚሉት ማነው? አንተ ነህ?» እግሬ ላይ ወደቀች። «ልጄን ልቀቅልኝ! አባቱ፣ ልጁ ሳይለቀቅ መርፌ አይነካውም ብሎ በሩ ላይ ይዞኛል። አንተ የለቀቅሃት ልጅ ድናለች አሉ። ስለ እመቤቴ ልቀቅልኝ!»

ልጁን አይቼው አላውቅም። ዓይኑ ወደ ላይ ተገልብጧል፤ ያች ትንሽ ደረቱ እንደ ወንፊት ትርገበገባለች። ውሸት ነበር ብዬ ብምል አባትየው ልጁን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። አያ ዋሴ ያዩኛል። ስመኝን አየኋት። ፈገግታዋ ጠፍቷል። ልጁን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ጋቢዋን ወደ ፊቷ ሳበችው።

«አዎ» አልሁ፣ ለግቢው ሁሉ እንዲሰማ። «እኔ ነኝ የበላሁት። ለቅቄዋለሁ። እንትፍ! አሁን ፈጥናችሁ ወደ ሐኪሙ፤ ከቆያችሁ ይመለስበታል።»

አባትየው ከበሩ ዞር አለ። አያ ዋሴ ተነሥተው ከኋላቸው ያለውን አሸዋ አራገፉ። «ምነው ካሴ» አሉ ብቻ። ከዚያ በኋላ በዚያች ሰፈር አልፌ አላውቅም። ልጁ ተርፏል። ስመኝን ከአጨዳ በኋላ ለአንድ የደንቢያ ሰው ዳሯት።

እኔም ቡዳ ሆኜ ቀረሁ። የኛ ሰው እጄ የነካውን ሽቶ ገላው ላይ አያደርግምና ለሱዳኖች ብቻ መሸጥ ጀመርሁ። ቀን እንዳላየኝ የሚያልፍ ሰው ግን ልጁ ሲታመምበት ወደ ጥጌ ይመጣ ነበር። ልቀቅልኝ ይለኛል። እለቃለሁ። እተፋለሁ። ወደ ሐኪሙ እሰዳለሁ። ሁሉም አልዳኑም፤ ያልዳኑት ደግሞ በኔ ተቆጠሩ። በኋላ በኋላ ምራቄ እንዳይደርቅብኝ ውሃ ከጎኔ አልለይም ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ማሩን አትሳቁበት። እኔም እንደሱው አምኜ ያደግሁ ነኝ፤ የለየን እሱ በሽተኛዋን ከደጅ ሲያያት እኔ ቀርቤ ማየቴ ብቻ ነው። ሰውን ወዳላመነበት ቦታ በክርክር መጎተት ከባድ ነው፤ ካመነበት ቦታ ተነሥተህ ግን እጁን ይዘህ ልትወስደው ትችላለህ። ዋጋው ምን ያህል ነው ብትሉኝ፣ አንድ ስመኝ ነው። ያንን የእንግሊዝ ሰውዬም አስበዋለሁ። እሱ የሚወዳት ሴት እንዳታረጅ ነበር ያን ሁሉ የደከመ። እኔ ደግሞ በዚያ ጭቃ ውስጥ አልጋ ተሸክሜ ስሄድ የለመንሁት እንድታረጅ ነበር።

ደርግ ከወደቀ፣ እኔም ጸጉሬ ከሸሸ ከብዙ ዘመን በኋላ ለአንድ ጉዳይ ጎንደር ሄድሁ። አራዳ ገበያ ላይ ስሻገር ከኋላዬ አንዲት ሴት «ካሴ!» ብላ ጠራችኝ። ዞርሁ። አንዲት ትንሽ ልጅ ይዛለች፤ የልጇ ልጅ ናት። ጸጉሯ ከሻሹ ሥር ነጭ ነው። ከፊት አንድ ጥርስ የለም። ጉንጯ ላይ ዘመን የሄደበት መንገድ ሁሉ ይታያል። እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አርጅቻለሁ አይደል?» አለች።

ሽቶ ሻጭ ለዚህ ጥያቄ ስንት መልስ አለው መሰላችሁ!

«በጣም» አልኋት።

«ምነው፣ ይህን ያህል ደስ አለህ?»

«አዎ» አልኋት። «ደስ አለኝ።»